ይሻው የገዛ ደሙን ያየበት ማለዳ

ከገሳይ ከተማ ወረድ ብሎ ያለው የይሻው ቤት በሩ ወደ መኪናው መንገድ ነው። ድሮ ወደ ገብሱ ማሳ ነበር የሚያየው። ወንድ ልጁ ደሴ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ከተሻገረ በኋላ ግን ይሻው ግድግዳውን አፍርሶ በሩን ወደ መንገዱ አዞረው። ደሴ መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ እየቆየ ድምፁ ጠፋ።

ባለፈው ክረምት ይሻው ራሱን ሲያመው ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ አሽቶ ታጠበበት። አልሻል ሲለው ሴት ልጁ ዓይናለም ባሕር ዳር ወስዳ አስመረመረችው። ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ የደም ስር እንደ ፊኛ ተነፍቶ ተገኘ። ሳይፈነዳ አዲስ አበባ ሄዶ በቀዶ ሕክምና ይዘጋ ተባለ። ይሻው አሻፈረኝ አለ።

«እኔ ስሄድ እሱ ቢመጣስ?» ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ዓይናለም ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ታስተምራለች። ከምርመራው ፎቶ ተነስታ የአባቷ ደም እባጩ ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ አሰላች፤ ፈጣኑን በቀይ፣ ዘገምተኛውን በሰማያዊ መስመር ቀብታ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሠራች። በነገር ያልተረታ በዓይኑ ቢያይ ይረታ ይሆናል ብላ ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። የይሻውን የንስሐ አባት ቄስ ምስጋናን ከኪዳን መልስ፣ ጎረቤቱን ሸዋነሽን ደግሞ ከደጇ ይዛ ወደ አባቷ ቤት አቀናች።

ይሻው በሬዎቹን ሊጠምድ ቀንበር ተሸክሞ ሲወጣ ሦስቱን አየ። በዚያ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ቀንበሩ ከትከሻው ወደቀ።

«ደሴን አትበሉኝ» አለ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ። «ደሴን ብቻ አትበሉኝ።»

«በመድኃኔዓለም፣ መርዶ አይደለም» አሉ ቄሱ እየተጣደፉ። «ስለ አንተው ሕመም ነው የመጣነው።»

ይሻው ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። እንባው ሳይደርቅ ሳቅ መጣበት። «የኔ ሕመም ብቻ ነው?»

«ብቻ ይላል ደግሞ» አለች ሸዋነሽ። «እኔስ በማለዳ ሰው አስከትለሽ አትሂጂ ብያት ነበር። ከተማ ገብታ ወጉን ረሳችው።»

ዓይናለም ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ደጁ መደብ ላይ ከፈተች። «ይኸው፣ የእርስዎ ደም ነው አባባ።»

ቀዩ መስመር ገስግሶ እባጩ አፍ ላይ ሲደርስ ግማሹ አለፈ፤ ግማሹ ወደ ውስጥ ገብቶ ሰማያዊ እየሆነ ይሽከረከር ጀመር።

«ይኸኛው ለምን አይወጣም?»

«መውጫው ይጠፋዋል። እየዞረ ግድግዳውን ያሳሳዋል። ቆይቶ ግን የሚወጣም አለ።»

ይሻው አንዷን ቀጭን ሰማያዊ መስመር በዓይኑ ያዘ። ጠፋች ሲል ተመልሳ ዞረች። ጉልበቱን አቅፎ ጠበቃት። ሸዋነሽ ልታወራ ስትል ቄሱ በዓይን ከለከሏት። መስመሯ ወጥታ ከቀዩ ስትቀላቀል በረጅሙ ተነፈሰ።

«ከፈነዳ ጊዜ አይሰጥም?»

«ላይሰጥ ይችላል።»

«እንግዲያ ደሴ መጥቶ የሚያገኘው መቃብሬን ነው።»

ይሻው ወደ ሸዋነሽ ዞረ።

«እኔ ሳልመለስ ቢመጣ ምን ትይዋለሽ?»

«አባትህ ሊታከም ሄዷል፤ ይመጣል እለዋለሁ።»

«እህል አብይው። አዲስ አበባ ድረስ ልከተል ካለሽ እሺ እንዳትይው። ተኝቶ ይቆየኝ በይው፤ መንገድ አድክሞታል።»