ጸበል የጠጣው ስልክ

መርሳ ከተማ፣ ዋናው መንገድ ዳር ሞባይል እጠግናለሁ። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ ግን እዚህ ከተማ ኮሚክ፣ ያው በሥዕል የሚተረከውን ታሪክ፣ ማንበብ ያማረው ሰው መጀመሪያ እኔን ነው የሚጠይቀው። አዲስ የወጣውን አወርዳለሁ፣ አነባለሁ፣ የማይረባውን የማይረባ ነው እላለሁ። እንግሊዝኛው ሲጠጥርብኝ ሥዕሉ ይነግረኛል። ለእያንዳንዱ ፊቱን አይቼ ነው የምመርጥለት። ከሲሪንቃ የሚመጣ አንድ ባለመነጽር የእርሻ ባለሙያ አለ። «ላንተ ይቺ ትሆንሃለች፤ ጠፈር ላይ የበቀለ ስንዴ ሠራተኞቹን ይበላል» ብዬ ጫንኩለት። ተመልሶ መጣና «ዛላው ተሳስቷል፤ ስንዴ እንዲህ አያፈራም» አይለኝም!

«አንተን ስላልበላህ ነው» አልኩት። ሰውዬው ጠፈር እንኳ ሲሄድ መሥሪያ ቤቱን ተሸክሞ ነው።

ጓደኛዬ ግን ሌላ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ጎማ ይለጥፋል። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው፤ አንዷን ጣቱን ብቻ በቤንዚን ይጠርግና ስልኩ ላይ ይስላል። ራሱ የፈጠረው ኮሚክ ነው። ሐራ ገበያ ላይ ባቡር ይመጣል፤ የተሳፈሩት ገና ያልተወለዱ ሰዎች ናቸው፤ ወርደው ገበያተኛውን «በቃችሁ፣ ቦታችንን ልቀቁ» ይሉታል። ኧረ ተው! ከውጭ ከማወርደው ሁሉ ይልቅ ለሰው ልመክር የምጓጓው ይሄን ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚም «ጨርሰህ ላክልኝ» ብሎታል። ሁለት ክረምት የለፋበት ነው፤ ከዚያ ስልክ ውጭ የትም የለም።

«አንድ ኮፒ እኔ ጋ ይቀመጥ» አልኩት።

«ሳያልቅ አይሆንም፤ የሰው ዓይን ይበላዋል።»

«የኔ ዓይን?»

«ያንተማ ዋናው ነው!»

ሳቅን። እኛ አገር ያላለቀ ቤት፣ ያልታጨደ ማሽላ አይወደስም። እሱም የእናቱ ልጅ ነው።

የታሪኩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እጁ ተያዘበት። «ማስፈራት አቃተኝ» አለኝ። አዲስ የወጣች አስፈሪ ኮሚክ ጫንኩለት፤ እስከ ዛሬ ከመከርኳቸው አንደኛዋ ናት። አንዲት ሴትዮ በነቃች ቁጥር ቤቷ ውስጥ አንድ በር ተጨምሮ ታገኛለች፤ ስትከፍተው የራሷ ጀርባ ቆሟል። «አትሩጥ፤ ገጹን ቀስ ብለህ እየው» አልኩት። ሰማኝ። ምግብ አስጠላው። በር ሲንኳኳ ይበረግጋል፤ ተኝቶም ይጮሃል። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ሥዕሉ ተለውጦ ነበራ! በትከሻው አሾልኬ ሳይ ባቡሩ መተንፈስ ጀምሯል።

እናቱ ሲጮህ ሰሙ እንጂ ሲስል አላዩም። ስልኩን ቢከፍቱ ያቺ ጀርባዋን የሰጠች ሴትዮ ቆማለች። የነፍስ አባታቸው «ልጁን ጸበል ውሰጂው» አሏቸው። ስለ ስልኩ ማንም ምንም አላለም። እናቱ ናቸው ከራሳቸው የጨመሩት፤ የተለከፈው ከዚህ ነው ብለው ስልኩን ጸበል በሞላ ባልዲ ነክረው ክዳን ገጠሙበት። ልጃቸው ጸበሉ ቦታ ሲሰነብት ስልኩም ባልዲው ውስጥ ሰነበተ።

ጓደኛዬ ከጸበል ሲመለስ ከስቷል። ስልኩን በፌስታል ይዞ፣ «ስልኩ ገደል ይግባ፤ ባቡሬን ብቻ አውጣልኝ» አለኝ።

«አብሽር» አልኩት።

ስከፍተው ቦርዱ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ወልድያ ድረስ አንድ ጎበዝ የተባለ ጠጋኝ ጋ ይዤው ሄድኩ። አገላብጦ አየውና «ይሄማ ሬሳ ነው፤ ድንኳን ትከሉ» ብሎ ሳቀ። ጥርሱን ማርገፍ አማረኝ።

ስመለስ ጓደኛዬ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ባቡሩስ?»

«የለም። ጠፍቷል።» ሌላ ምን ልበለው? ብዋሸው ያምነኛል። «በወረቀት እንደገና ሳለው» አልኩት።

«ሞከርኩ እኮ» አለኝ። «የሰዎቹ ፊት አይመጣልኝም። ከጸበሉ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን ጨለማ ብቻ ነው።»

ይሄን እያለኝ እናቱ ዘንቢላቸውን ይዘው ከገበያ ደረሱ።

«ስልኩ ተነሳ እንዴ?» አሉኝ።

«አልተነሳም እማማ። ጨርሶ ተበላሽቷል።»

«እሰይ! እሰይ! ለቀቀዋ!» ዘንቢሉን መሬት ጥለው እልል አሉ። መንገደኛው ዞሮ አየን።

«እማማ፣ እዚያ ውስጥ የነበረውን እኮ አላወቁም...» ብዬ ልጀምር ስል ጓደኛዬ እግሬን ረገጠኝ።

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁ ጀመር።

«ከክፉ ዓይን ይሰውርልኝ!»

«አሜን» አለ ልጃቸው።

«የወሰደበትን አይመልስበት!»

«አሜን።»

ወደ እኔ ዞሩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

«ምነው አንተ ልጅ፣ አፍህ ተሰፋ? ምርቃት ሜዳ ላይ ይወድቃል?»

«በላቸው እንጂ» አለኝ ጓደኛዬ፣ መሬት መሬት እያየ። «ለኔ እኮ ነው የሚመርቁት።»

«አሜን» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ እንዲሰማቸው። እጃቸውን ሰብስበው፣ ግንባሩን ስመውት ደስ ብሏቸው ሄዱ። ወዲያው አንድ ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ እየተንገጫገጨ መጣ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አንተ ጎሚስታ፣ ቶሎ በል እንጂ!» አለ። ጓደኛዬ ክሪኩን አንስቶ መኪናው ሥር ተንበረከከ።