በክርስትና ስም የወጣ አልበም

የያዙኝ ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን ነው። ሱቄ ውስጥ ከፍላቂት የመጣ አንድ ገበሬ ስልክ ላይ ዘፈን እየጫንኩ ነበር። ሰውየው የጠየቀኝ የሠርግ ዘፈን ነው፤ እኔ ግን ከሠርጉ ጀርባ የኛን አልበም ስምንቱንም ዘፈን እጨምርለት ነበር። ለሁሉም ደንበኛ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ፖሊሶቹ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ገበሬው ስልኩን እንዲመልሱለት እየለመነ እስከ መኪናው ድረስ ተከተለን።

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ወጥቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም፤ ዓይን ያቃጥላል። በሁለተኛው ቀን እያለቀስኩ ይሁን ሽታው ይሁን መለየት አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ግድም አልሰጠኝ።

ሁለት ነበርን፤ ጓደኛዬና እኔ። አብረን መሥራታችንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግድግዳውን በጋቢና በፍራሽ ሸፍነን፣ መብራት በመጣ ጊዜ ብቻ እየቀዳን፣ ራፕ የሚባለውን ነገር በላስታ አማርኛ ሠራነው። ሽፋኑ ላይ በምን ስም እንውጣ ስንባባል ብልጥ የሆንን መሰለንና የክርስትና ስማችንን ጻፍን። የክርስትና ስምን ከቤተሰብና ከካህን በቀር ማን ያውቀዋል? ሰው ሞቶ ፍትሐት ላይ ካልሆነ አደባባይ አይወጣም። የዘነጋነው፣ ካህንም ሊታሰር እንደሚችል ነው።

መርማሪው የሚፈልገው ስድስተኛው ዘፈን ላይ ያለውን ድምፅ ነበር፤ መንገድ ስላዘጉ ባለሥልጣናት የሚናገረውን። ድምፁ የጓደኛዬ ነው። ቤቱ ከሱቄ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም፤ ስሙን ከጠራሁ በሩብ ሰዓት ያመጡታል። አላውቅም አልኩ። ቢመቱኝም አላውቅም አልኩ። በአራተኛው ቀን በሩ ተከፈተና እሳቸውን አስገቡብኝ።

የሰፈራችን ቄስ ናቸው። እኔንም ጓደኛዬንም በአርባ ቀናችን ያጠመቁን እሳቸው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጥምጥማቸውን አላስወለቋቸውም፤ መቋሚያቸውን ግን በር ላይ ተቀብለዋቸዋል። ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን እያሹ፣ ምን ብትዘፍኑ ነው ይህ ሁሉ አሉኝ። ስድስተኛውን ያለ ምት፣ በሹክሹክታ አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ ትችላላችሁ፣ ግን ትቸኩላላችሁ አሉ። መሳቅ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ፊቴ እንቢ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዘፈኑ አላወራንም። እሳቸው ሲያስሉ ዋሉ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እኚህ ሰው አይዋሹም።

በማግስቱ መርማሪው ወንበሩን ይዞ መጣ። ያገሩ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ መስቀላቸውን ተሳለመ፣ ከዚያ ተቀመጠ።

"አባቴ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ይህ ሁለተኛው ስም የማን የማን እንደሆነ ይንገሩኝና ወደ ቤትዎ ይሂዱ" አላቸው።

ጻፍ አሉት። ወፍጮ ቤት የነበረውን ሰው ጠሩ። ኮን ከተማ ያስተምር የነበረውን መምህር ጠሩ። ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ በቅሎ ያከራይ የነበረውን ጠሩ። ሳይቸኩሉ፣ ከነአባታቸው ስም። መርማሪው ስድስተኛው ሰው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳ። ሁሉም የሞቱ ናቸው። አንዳንዶቹን እሱም ቀብሯቸዋል።

"በሕይወት ያለ የለም?"

"አለ" አሉ።

እግሬን አየሁ።

"እኔ ነኝ። የኔም የክርስትና ስም ይኸው ነው። ጻፈኝ፣ ልጄ።"

በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም፤ ጻፋቸው። ዘጠኝ ቀን ከኔ ጋር አቆይቶ ለቀቃቸው። እኔ የወጣሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ጓደኛዬን የጠየቀው ሰው የለም።

ቄሱ ባለፈው ክረምት አረፉ። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ሰፈሩ ውስጥ ራፐሩ አባታችን ይሏቸው ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንድ ያልተናገርኩት ነገር አለ። "አለ" ካሉ በኋላ "እኔ ነኝ" እስኪሉ አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበር። በዚያች ትንፋሽ አልደነገጥኩም፤ ለጓደኛዬም አላዘንኩለትም። በልቤ ያልኩት፣ ተገላገልኩ ነው። ጓደኛዬ ሲያገባ አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ይህን ግን አልነገርኩትም።