አውድማ ላይ የተናገረው

ልጅ ሳለሁ እሳት ዳር የሰማሁት ጨዋታ ሁሉ የሚያልቀው በአባቴ ሞኝነት ነበር። አጫዋቹ አያ ደምሌ ነው፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ የስማዳ ሰው፣ እህል ጭኖ መካነ ኢየሱስ ገበያ በመጣ ቁጥር እኛ ቤት የሚያድር። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፣ ጉልበቱንም ስሜ እቀበለዋለሁ፤ እናቴ እንደዚያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ብዬ ነው የምጽፈው። አንቱታ ይበዛበታል።

ያኔ መብራት ወደ እኛ ሰፈር አልዘለቀም ነበርና፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ጥላሸቱን ወደ ጣሪያው እየሰደደ፣ የባሕር ዛፉ እንጨት እየተንጣጣ፣ እናቴ ፍሙ ውስጥ የቀበረችው ድንች ልጣጩ አርሮ ሲሸት፣ አያ ደምሌ ከእሳቱ ፊት ለፊት በደህናው በርጩማ ላይ ይሰየማል። ጭሱ ወደ እሱ ሲዞር እኛ ተነስተን ቦታ እንለቅለታለን። ስለ ጅብ ያወራል፤ ጅቡን ያባረረው እሱ ነው። ስለ ሽፍታ ያወራል፤ ሽፍታው የሸሸው ከሱ ነው። ስለ ወንዝ ሙላት ያወራል፤ ዘሎ ገብቶ ሰው ያወጣው፣ አሁንም እሱ። እኛ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን፤ ልጅ ምን ያውቃል። ከዚያ ጠላው ደጋግሞ ከተቀዳለት በኋላ ወደ አባቴ ዞር ይልና «እስቲ ያችን የአውድማዋን ላጫውታቸው?» ይለዋል። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ የሰው ሱሪ ጫፍ በእጁ እየሰፋ ይስቃል።

የአውድማዋ ጨዋታ ይቺ ናት። ሁለቱ ጎረምሶች ሳሉ አያ ጌታሁን ለሚባሉ ባለጸጋ ገበሬ ደቦ ወጥተዋል። ገብሱ ተወቅቷል፤ በመንሽ እየተነሳ ገለባውን ነፋስ ወስዶታል፤ ምርቱ አውድማው መሀል ተከምሮ ቁናው ቀርቧል። እኛ አገር ምርት ሲሰፈር ሰው አይናገርም። አይፏጭም፣ ሰው በስሙ አይጣራም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምርቱን የሚያሳንስ ቃል ከአፉ አያወጣም፤ ካወጣ በረከቱ ይነሳል። አባወራው ምርቱ ላይ የመስቀል ምልክት አድርገው ቁናውን ሲያነሱ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ያን ቀንም ሰው ሁሉ አጎንብሶ ስልቻ ዘርግቶ ሳለ ከመሀል አንድ ድምፅ «ይችው ናት እንዴ?» አለ።

አያ ደምሌ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ያቀጥናል፣ ከንፈሩን ያጣምማል፣ አባቴን ይሆናል። እኛ ልጆቹ ፍርፍር ብለን እንስቃለን። አያ ጌታሁን ቁናውን አስቀምጠው «ማነው?» ሲሉ አባቴ ቀጥ ብሎ ይቆምና «እኔ ነኝ» ይላል። «ሞኝ አይደለም?» ይላል አያ ደምሌ ጭኑን እየመታ፤ «ሁሉም አጎንብሷል፣ ማንም ማንንም አላየ። ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?» ጨዋታዋ እዚህ ላይ ታልቃለች። እናቴ ሳትስቅ ድንቹን ከፍሙ ታወጣለች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አያ ደምሌ አያወራውም፤ አያስቅማ። እሱን የነገረችን እናቴ ናት። በዚያ ዓመት የአያ ጌታሁን ጎተራ ክረምቱ ሳይወጣ ባዶ ሆነ፣ አንዱ በሬያቸው ገደል ገባ፤ ሁሉም በአባቴ ተመካኘ። ከዚያ በኋላ አባቴን ወደ አውድማው የሚያስጠጋ ሰው ጠፋ። የሰው አውድማ ላይ የማይቆም ገበሬ ደግሞ በሱ ተራ ማን ያጭድለታል? ማንስ ይወቃለታል? መሬቱን ለወንድሙ ትቶ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ መጣና በሰው በረንዳ ላይ የስፌት መኪና አስቀምጦ ቁጭ አለ። ከበሬ ጋር ያደገ ሰው የሌላውን ሱሪ ሲያሳጥር ዕድሜው አለቀ። እንግዲህ አያ ደምሌ ጠላችንን እየጠጣ ለእኛ እንደ ቀልድ የሚያወራው ይህንን ነው። በጠላ ቤቱም ሁሉ እየዞረ ስላወራው ትምህርት ቤት «የለፍላፊው ልጅ» ይሉኝ ነበር።

አባቴ ለፍላፊ ቢሆን ኖሮ አይቆጨኝም ነበር። «ሱሪዬ አለቀ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀው ሰው እንኳ ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ የሚመልስ ሰው ነው። ስለ ስማዳ፣ ስለ ጉርምስናው አንድ ቀን አጫውቶን አያውቅም። ስጠይቀው መርፌውን ጸጉሩ ላይ ያሽና «ደምሌ ይነግርሽ የለ» ይለኛል።

አምና ሞተ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ በስልክ ቪዲዮ ካልሠራን ብሎ ተነሳ። የአባባን የወጣትነት ጊዜ የሚያውቁ ሰዎች ይናገሩ፣ ከሥሩ በገና ይግባበት፣ ለእንግዳው በትልቁ ይታይ አለ። እሱ እንግዳው ምን ይላል ነው ጭንቀቱ። እኔ ግን ለራሴ ማወቅ የምፈልገው ነገር ነበረኝ። አባቴ በአንድ የሞኝ ቃል መሬቱን ያጣ ሰው ነው ወይስ አይደለም? እኛ በረንዳ ላይ ያደግነው፣ እናቴ በሰው ጓሮ ጎመን ስትለምን የኖረችው በዚያ ቃል ከሆነ፣ እንዴት ከአፉ እንደወጣ የሚነግረኝ ሰው ፈለግሁ። ስልኩን ይዤ ዞርኩ።

መጀመሪያ ከአባቴ ጋር በአንድ የኔታ እጅ ዳዊት ወደደገሙት ወደ መሪጌታ ፈንታ ሄድኩ። ስልኩን ከፍቼ «አባቴ ልጅ ሳለ ምን ዓይነት ነበር?» አልኳቸው። «ደግ ሰው ነበር» አሉ። «እሺ፣ ምን አደረገ?» «ምን ያደርጋል፣ ደግ ነበር እንጂ። ነፍሱን ይማረው።» ከዚያ ስለ ቤተ ልሔም፣ ስለ ድጓው ጉባኤ ቤት ማውራት ጀመሩ። እሳቸው ጋይንት ወርደው ድጓ ሲማሩ ያዩትን መከራ፣ ደበሎ ለብሰው ሲለምኑ ያባረራቸውን ውሻ፣ መምህራቸው ለብቻ ጠርተው ያሏቸውን ምስጋና አንድ በአንድ ነገሩኝ። አባቴ በዚያ ሁሉ ውስጥ አንዴ እንኳ ብቅ አላለም። ሲጨርሱ «በደንብ ገባልሽ?» አሉና ስልኩን ተቀብለው ራሳቸውን ተመለከቱ። ሰው ሲሞት ጓደኞቹ ስሙን ምስማር ያደርጉትና የራሳቸውን ጋቢ ይሰቅሉበታል።

የቀረኝ ያው አያ ደምሌ ነበር። ስማዳ የሚወስደውን የወገዳውን አውቶብስ ይዤ፣ በዚያ በማያልቅ ኮረኮንች ተንገጫግጬ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደረስኩ። አርጅቷል፤ አፉ ግን እንዳለ ነው። ቪዲዮ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ቆይ እንጂ፣ እንዲህ ሆኜ ነው የምታየው?» ብሎ ነጩን ጋቢ አስወጣ፣ ጺሙን በውኃ አበሰ። ያለ ሰሚ አልናገርም ብሎ ደግሞ ጎረቤቶቹን ሊጠራ በዱላው እየተመረኮዘ ወጣ። ጓደኛው የሞተበት ሳይሆን ሊዳር የተነሳ ነው የሚመስለው።

ሚስቱ እትዬ የሺ ደጃፉ ላይ ሰፌድ ይዘው ባቄላ ይለቅማሉ። የዚያ የአያ ጌታሁን ልጅ ናቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ መልቀም ጀመርኩ።

«ያችን የአውድማዋን ሊያወራ ነው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«እሳቸው ሌላ መቼ ያውቃሉ፣ እትዬ።»

ጥቂት ባቄላ ለቀሙ። «እኔ እዚያ ነበርኩ» አሉ። «ሴት አውድማ አትገባም ያኔ። ምሳቸውን ተሸክሜ እስኪሰፍሩ ከገለባው ክምር ጀርባ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰውየውን አላየሁትም። ድምፁን ግን ሰማሁት። የአባትሽ ድምፅ አልነበረም።»

«የማን ነበር ታዲያ?»

ባላቸው የወጣበትን በር ተመለከቱ። «ሰርጋችን ቀርቧል። አባዬ የሚሰጠኝ ከዚያ ምርት ነበር። ደምሌ እንደ ራሱ እህል አድርጎ ሲያየው ኖሮ አነሰበት መሰለኝ፣ ቃሉ አመለጠው። አባዬ ማነው ብሎ ሲጮህ ደምሌ ራሱን ደፋ። አባትሽ ሚዜው ነበር። እኔ ነኝ ብሎ ተነሳ።»

እጄ ላይ የያዝኩትን ባቄላ ሰፌዱ ላይ መልሼ ጣልኩት። አባቴ በሰው በረንዳ ላይ ጀርባው የጎበጠው፣ ስሙ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት የዞረው ለዚህ ሰው ነው። ተናደድኩ፤ ከንዴቴም በላይ አስጠላኝ።

«እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ብናገር ማን ያገባኛል? አባዬ ያባርረው ነበር፣ ቀለበቴም ይመለስ ነበር። ኋላ ልጅ መጣ። ኋላ ደግሞ አረጀሁ።» ሰፌዱን አንገዋለሉ። «እናንተ ቤት ለምን እንደሚያድር ታውቂያለሽ? መካነ ኢየሱስ ውስጥ የገዛ አጎቱ ልጅ ቤት አለ። አይሄድም። አባትሽ ፊት ቁጭ ብሎ ያችን ነገር ያነሳና ዓይን ዓይኑን ያየዋል፣ ዛሬ ይናገርብኝ ይሆን እያለ። ሲመለስ እንቅልፍ የለውም። ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ዛሬም ሳቀብኝ ይለኛል። ሌላ ምንም አይለኝም።»

አያ ደምሌ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ገባ። ወንበር ተደረደረ፣ ጠላ ተቀዳ፤ እኔም ስልኩን ደግፌ ከፈትኩለት። «ፊቴ ይታያል?» አለ። «በደንብ ይታያል» አልኩት። ጀመረ። ያው ደቦ፣ ያው ምርት፣ ያው ቁና። እሱ ራሱ ከጎረምሶቹ ሁሉ የበረታው መንሽ ያዥ ነው በእርግጥ። ቃሏ ላይ ሲደርስ ድምፁን አቀጠነ፣ ከንፈሩን አጣመመ፣ «ይችው ናት እንዴ?» አለ፤ ጎረቤቶቹም ሳቁ። «እኔ ነኝ አለላችሁ! ሞኝ አይደለም?» ብሎ ጭኑን መታና ጠላውን አነሳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ነፍሱን ይማረውና፣ የአባትሽ የወጣትነቱ ነገር እንግዲህ ይኸው ነው» አለኝ።

ዓይን ዓይኑን አየሁትና፣ ሳልጮህ፣ «ይችው ናት እንዴ?» አልኩት።

ጎረቤቶቹ ቀልድ መስሏቸው እንደገና ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ዋንጫውን ከንፈሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ፤ አልጠጣም፣ አላወረደውም። በሩ ላይ ወደቆሙት ሚስቱ ተመለከተ፤ እሳቸው ወደ ሰፌዳቸው አጎነበሱ። ስልኩን ዘጋሁ፣ ጉልበቱን ሳልስም ተነስቼ ወጣሁ።

ወንድሜ ሁሉን ስነግረው «አባባ እንዴት ያለ ቅዱስ ነው» ብሎ አለቀሰ፣ ቪዲዮው ላይም በገናውን ጨመረበት። ያለቅስ። ቅዱስ ሆነ ማለት ለሱ ይቀለዋል። እኔ ግን የእናቴ ጎመን ልመና ይታወሰኛል፤ አባቴ ለጓደኛው የከፈለው የራሱን ብቻ አልነበረምና ከነሞቱ እቀየመዋለሁ። ይህን ለወንድሜ ነግሬው ሦስት ቀን አኩርፎኛል።

በሙት ዓመቱ አያ ደምሌ መጣ። ቢቀር ሰው ለምን ይላል፤ ሟቹ ሚዜው ነዋ። ዳሱ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ መሀል አስቀመጡት። ሰው በልቶ ጨዋታ ሲጀመር አንዱ «አያ ደምሌ፣ እስቲ ያችን የአውድማዋን» አለው። እሱም ዳሱን በዓይኑ ዞረና እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ነበር። እናቴ እንዳሳደገችኝ ወደ እሱ ሄድኩ፣ ጎንበስ ብዬ ዋንጫውን እስከ አፉ ሞላሁለት። «ይጫወቱ እንጂ አያ፣ እንስማዎት» አልኩትና ሳቅሁ። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ የሳቁ ድምፅ ግን የኔ አልነበረም። አያ ደምሌም አወቀው። «ረሳኋት» አለ፤ ጠላውንም ሳይቀምሰው እንደሞላ አስቀመጠው።

ያኔ፣ ኩራዙ ሥር፣ አባቴ ከሱሪው ጫፍ ቀና ብሎ ሲስቅ የሞኝ ሳቅ ይመስለኝ ነበር። እናቴ የትዕግሥት ነው ትላለች፣ ወንድሜ የቅድስና ነው ይላል። የንቀት ነበር። ያ ዝምተኛ ሰው ጠላውን እያስቀዳለት፣ ደህናውን በርጩማ እየለቀቀለት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲንቀው ኖረ፤ የተወልኝ ርስት ቢኖር ያ ንቀት ነው።