ከወሰኑ ያለፈው አንዱ ቁጥር

ጅጅጋ ተመድቤ ሳስተምር አብራኝ ቢሮ የምትቀመጠው የኮምፒውተር መምህር የዚያው አገር ልጅ ነበረች። አባቷ ጉናጋዶ አካባቢ ግመል ያረባሉ። ድርቁ አብዛኛውን መንጋ ጨርሶ የተረፉትን ሳል ጀመራቸው። እሷም ፎቶ አይቶ «ጤነኛ» ወይም «ታማሚ» የሚል ኒውራል ኔትወርክ፣ ማለት ከምሳሌ ፎቶዎች የሚማር ፕሮግራም፣ አሰልጥና በአባቷ ስልክ ላይ ጫነችላቸው። አባቷ ስልኩ ታማሚ ያለውን ግመል ከመንጋው ይለያሉ፣ ጤነኛ ያለውን ይቀላቅላሉ።

እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ፤ አፌም አያርፍም። «ምን እንደተማረ ሳላይ አላምነውም» አልኳት።

«ቅናት ነው» አለችና ሳቀች።

ሥልጠናው ሲጀመር የኔትወርኩ ማትሪክሶች፣ ማለት የቁጥር ሰንጠረዦቹ፣ በዘፈቀደ ቁጥር ይሞላሉ። ከእንዲህ ያለ ማትሪክስ የሚሰሉት፣ አይገን ቫልዩ የሚባሉት ቁጥሮች አስቀድሞ ከሚታወቅ ወሰን አያልፉም። ኔትወርኩ ሲማር ግን ጥቂቶቹ ከወሰኑ ይወጣሉ። የተማረው እነሱ ዘንድ ነው፤ የቀረው ጫጫታ ነው።

ግራፉን ሳወጣው ከወሰኑ ያለፈው አንድ ብቻ ነበር። ሳሉ፣ የዓይን ፈሳሹ፣ የሟሸሸው ሻኛ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ቁጥር? ፈራሁ። ቁጥሩ ከፎቶው ላይ የቱን እንደሚያይ ስንፈትሽ አንገት ሆኖ ተገኘ።

ቀድሞ የገባት ለእሷ ነው። ፎቶዎቹን ያነሳችው በየገበያው እየዞረች ነው። ባለግመሎቹ ካሜራ ሲያዩ፣ ዓይን እንዳይበላው ብለው ያማረው ግመል አንገት ላይ ክታብ ያስራሉ። የታመመውንስ ማን ይመቀኘዋል? ኔትወርኩ የተማረው ክታብ ነበር።

ወዲያው ለአባቷ ደወለች። እኔ ሶማሊኛዬ ደካማ ስለሆነ ፊቷን ብቻ አያለሁ። ስትጨርስ ነገረችኝ። አባቷ ለሚያስሉት ግመሎች ሁሉ፣ እንዲሻላቸው ብለው፣ ክታብ አስረውላቸዋል። ስልኩም ጤነኛ ናቸው ስላለ ቀላቅለዋቸዋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ይለዩአቸው፣ ስልኩ ተሳስቷል አልኳቸው» አለችኝ።

«እሺ አሉሽ?»

«ሳቁብኝ። ‹አንቺ ከልጅነትሽ ራስሽን ዝቅ ማድረግ ትወጃለሽ› አሉኝ።»

በማግስቱ ራሷ ሄደች። ስትደርስ ሳሉ መንጋውን አዳርሶት ነበር። ውሎ አድሮ አንድም ግመል አልተረፈም።

ከሁሉ የከበደኝ በኋላ የነገረችኝ ነው። ጎረቤቶች «ያ ስልክ ነው የፈጃችሁ» ሲሉ አባቷ ይቆጣሉ አሉ። «የአላህ ሥራ ነው፤ የልጄ እጅ አይዋሽም» ይላሉ። እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ ትሰማለች።