ገብተሽ ትቀይሪዋለሽ ያልኳት ቪዛ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከኮተቤ ቤቴ ስወጣ፣ የጉዞዬ ዓላማ እንጦጦ ወጥቶ አንዲት ቃል ተናግሮ መመለስ ነበር። ቃሏም «ተሳስቻለሁ» ናት። ኩንታል ጤፍ ከእሷ ይቀላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰላማዊት እዚያው ትምህርት ቤት ከእኔ አጠገብ ባለው ክፍል ታስተምራለች። በአንዲት የእስያ አገር ያለ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንድታስተምር ሲቀበላት፣ «ጋሼ፣ የቪዛው ነገር እንዴት ነው?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። እኔም ዓለምን ሦስት ጊዜ የዞርኩ ይመስል እግሬን አነባብሬ፣ «በጎብኚ ቪዛ ግቢ፤ ከገባሽ በኋላ ትቀይሪዋለሽ። እኔ ውጭ በነበርኩ ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው» አልኳት። አመነችኝ። የሥራ መልቀቂያ አስገባች፤ ትኬት ቆረጠች። በረራዋ ማክሰኞ ነው።

ዛሬ እንጦጦ የሚኖሩት ወላጆቿ ሽኝት ደግሰዋል፤ የክብር እንግዳው እኔ። ንግግሬን ላሳምር ብዬ ማለዳ የኤምባሲውን ገጽ ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ደርቄ ቀረሁ። በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው መሥራት አይችልም፤ ሲሠራ ከተገኘ ይባረራል። የሥራ ቪዛ የሚጠየቀው ከመጓዝ በፊት ነው፤ እሱም ቀጣሪው ፈቃድ ሲልክ። ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። ሦስቱንም ጊዜ «በጉ ታረደ ወይ?» ብዬ ዘጋሁት።

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ሁለት ጊዜ ታክሲ ቀየርኩ። አንደኛው ውስጥ የኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሹ ተሳፍሮ ነበር። ወያላው «ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» ሲለኝ፣ «ከዚህ በላይ ከተጠጋሁ ሽማግሌ መላክ አለብኝ» አልኩት። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ እንኳ ሳቁ። ፈረንሳይ ስወርድ የሃያ ብር ቆሎ ገዛሁና ሳልበላው ኪሴ ከተትኩት።

ዳገቱ

ከዚያ በእግር ነው። ባሕር ዛፉ መሃል ያለው መንገድ ከሌሊቱ ዝናብ የተነሳ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች እየተከታተሉ ይወርዳሉ። ዛፍ ተደግፌ ሳለከልክ አንዷ ከነሸክሟ ቆም አለች።

«አባቴ፣ ባዶ እጅዎን ነው እንዲህ የሚያለከልኩት?»

«ሆዴ ውስጥ ነው የከበደኝ፣ እህቴ።»

«እንግዲያስ ቁርስ ይቀንሱ!» ብላኝ ወረደች።

ሽኝቱ

አምስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። የሰላማዊት አባት አቶ ደግፌ እዚያው ኮረብታው ላይ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው። ከመቀመጫቸው ተነስተው እኔን አስቀመጡኝ። «ኧረ ይቀመጡ» ብልም አልሰሙኝም።

«መምህር፣ ልጄ ያለ እርስዎ እግሯን አታነሳም ነበር» አሉና ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ።

ጎረቤቱ ሁሉ ብድግ አለ። አሜን ከተባለ ማን ያፈርሰዋል? «አባባ፣ አንዴ ይቆዩ» አልኩና ያነበብኩትን ሁሉ ተናገርኩ። የተዘረጉት እጆች ቀስ እያሉ ወረዱ።

«መምህር» አሉ አቶ ደግፌ፣ «ለመሆኑ እርስዎ ውጭ የኖሩት የት ነበር?»

«ናይሮቢ።»

«ስንት ዓመት?»

«አምስት ቀን። ለሥልጠና ሄጄ።»

ከኋላ አንዱ መሳቅ ጀመረና በሳል አሳበበ። ሰላማዊት አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም።

«ገጹን እኔም ማንበብ እችል ነበር፣ ጋሼ» አለች። «እርስዎን ጠይቄ ካበቃሁ በኋላ ማመሳከሩ እርስዎን መጠርጠር መሰለኝ።»

ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ሁለት የእንግሊዝኛ መምህራን በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ሳናነብ ቀረን፤ እኔ በጉራ፣ እሷ በአክብሮት።

እናትየው፣ ወይዘሮ ታየች፣ ትሪውን ይዘው ገቡ። «በጉ እንደሆነ ተነስቶ አይሄድም። ብሉ!» ለማትሄድ ልጅ ሽኝት በላን። ቅቅሉ ግሩም ነበር፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ። ሁለቴ ጨመርኩ።

ከምሳ በኋላ ከሰላማዊት ጋር ግንድ ላይ ተቀምጠን ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። የተረጋገጠ ዲግሪ፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ የቀጣሪ ፈቃድ ይላል። እዚያው ሆና ለቀጠራት የውጭ ትምህርት ቤት ፈቃዱን እንዲልኩላት ጻፈች።

«ካልላኩስ?»

«በድብቅ ሊያሠሩሽ ነበር ማለት ነው።»

«መልቀቂያዬስ፣ ጋሼ?»

«ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ።»

«ቀልድ ሳይጨምሩ?»

«ሳልጨምር።»

ኮተቤ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሬ ደረስኩ። ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ከመስኮታቸው ጠሩኝ። «ጋሼ! እንኳን አገኘሁዎት። ወንድሜ ዱባይ ሊሄድ ነው። ቪዛውን እዚያ ገብቶ መቀየር ይችላል አይደል?»

እግሬ በልማዱ ሊነባበር ሲል ያዝኩት።

«አላውቅም» አልኩ።

ሴትዮዋ እንዳመመው ሰው ትኩር ብለው አዩኝ። እኔም ከኪሴ ቆሎውን አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና፣ «ወንድምዎን ይጥሩት፤ እየቆረጠምን አብረን እናነበዋለን» አልኳቸው።