ዓወድን የሚጠራው ሸክላ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ክረምት አለፈ። አሶሳ ውስጥ ባለችው ትንሽ የልብስ ስፌት ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እየሰማ የሆነ ነው። ለሰው ባወራሁት ቁጥር "አንቺ ደግሞ!" መባሉ ስለሰለቸኝ ይኸው ጻፍኩት።

አመሌን አስቀድሜ ልናገር። የዘፈን ሸክላ እሰበስባለሁ። ጥቁሩን ሳይሆን ሥዕል ወይም ፎቶ ከዳር እስከ ዳር የታተመበትን። እነዚህ መልካቸው እንጂ ድምፃቸው እምብዛም ነው፤ ከዘፈኑ ሥር አሸዋ የሚቆላ ይመስል ይንሿሿሉ። ስለዚህ አብዛኞቹን ግድግዳ ላይ እሰቅላቸዋለሁ። ባለቤቴ "ሰው ወርቅ ፍለጋ መንጌ ይሄዳል፣ የኔዋ ሰሃን ትሰቅላለች" እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። እሱም ቡድኑ ሲሸነፍ እራት አይበላም።

ያን ሸክላ የሸጠልኝ ከሱዳን ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ፎቶው ላይ ባለቀለም ልብስ የተከናነቡ ሴቶች ከበሮ ከበው ተቀምጠዋል። ፎቶው ክብ ተደርጎ ሲቆረጥ ግን ዳር ላይ የነበረችው ሴት ፊቷ ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው ከበሮው ላይ ያረፈ እጇና ሁለት አምባሯ ነው።

የሠርግ ዘፈን ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ መርፌው መጨረሻው መስመር ላይ ይያዝና የአንዲት ሴት ድምፅ ይመጣል። "ያ ዓወድ፣ ተዓል!" ትላለች። ዓወድ፣ ና ማለት ነው። መርፌውን ካላነሡት ያንኑ ስትደግም ትውላለች።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን መቀሱ ከእጄ ወደቀ። እናቴ በሰፈራ ከወሎ የመጣች ናት፤ "ማን እንደጠራሽ ሳታውቂ አቤት እንዳትዪ፣ ሞት ነው እንዲያ የሚጣራ" እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስትሰማው "አውጪው ከቤት!" አለችኝ። አላወጣሁትም። ግን ሴትዮዋ መጣራት ሳትጀምር መርፌውን ማንሳት ልማዴ ሆነ።

አንድ የገበያ ቀን የደንበኛ ቀሚስ እየለካሁ ረሳሁት። "ያ ዓወድ፣ ተዓል!" አለች፤ ደገመች። ከበሩ በኩል "ነዓም!" የሚል የወንድ ድምፅ መለሰላት። በዐረብኛ አቤት ማለት ነው። ደንበኛዬ ጮኸች። እኔ ወደ በሩ ዞርኩ።

በሩ ላይ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ቆሟል። ከሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ለገበያ መጥቶ በደጄ ሲያልፍ ነው የሰማው። መርፌውን ላነሳ ስል እጁን ዘረጋ።

"ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አታንሳ! እናቴ ነው" አለኝ። አማርኛን የለመደው ከተሰደደ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ነው የሚጠራው።

አስቀምጬ ውሃ ሰጠሁት። እንደነገረኝ ዘፈኑ የተቀዳው በሰፈራቸው ነው፤ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። ሲረብሽ ከክፍሉ አስወጡት። ዘፈኑ እንዳለቀ እናቱ ጠራችው፤ መቅጃው ገና አልጠፋም ነበር። ሸክላውን ሳሳየው ያንን ፊት የሌለውን እጅ በጣቱ ነካው። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲመጣ ተለያይተዋል። ትኑር ትሙት አያውቅም። ፎቶዋም የለውም።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው መምጣት ጀመረ። ይቀመጣል፣ ትጠራዋለች፣ እሱም በለሆሳስ "ነዓም" ይላል። ስልኩ ላይ ቀዳሁለት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

"ስልክ ላይ ይጠራል፣ ከዚያ ይተዋል። እዚህ ግን አይተወኝም" አለ።

ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ያውቀዋል፤ መርፌ አንድ መስመር ላይ በተመላለሰ ቁጥር ይበላዋል። የሴትዮዋ ድምፅ ሲሳሳ ይታወቀኝ ነበር። እናቱን እንዳይሰማ እንዴት ብዬ ልከልክለው?

አንድ ቀን እሷ እየጠራችው መብራት ጠፋ። ለአሶሳ ሰው ይኼ ብርቅ አይደለም። ድምፅ ማጉያዬ በባትሪ ስለሚሠራ ግን ድምፁ ወዲያው አልተቋረጠም። ሸክላው እየዘገየ ሲዞር ድምጿ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ "ያ… ዓ… ወ…" ብላ መጨረስ አቅቷት ዝም አለች። ዓወድ ብድግ አለ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

"መብራት ነው እኮ ወንድሜ፣ አሁን ይመጣል" አልኩት።

"መብራት መሆኑን አውቃለሁ" አለ። "ግን እናቴ ደክሟል። ይኼን ያህል ጠራኝ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ነዓም፣ ነዓም ብቻ። እናት ሲጠራ ተነስቶ ይኬዳል እንጂ!"

ከድንበሩ ማዶ ጦርነት መሆኑን እየነገርኩት እስከ መንገዱ ተከተልኩት። አልሰማኝም። ሸክላውን ውሰደው ብዬ ብለምነው ፈገግ አለ።

"አንተ ጋ ይቆይ። እናቴን ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንሰማለን።"

በሚቀጥለው ገበያ አልመጣም። ከሸርቆሌ የመጡ ጎረቤቶቹን ብጠይቅ በኩርሙክ በኩል ድንበሩን መሻገሩን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ አይቼዋለሁ የሚል ሰው አላገኘሁም።

እናቴ "አቤት ያለ ቀን ነው ያበቃለት" ትላለች። እቆጣታለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን እኔም እፈራለሁ፤ ያን ቀን መርፌውን ባልረሳው ኖሮ እላለሁ። ሸክላውን መሸጥም መስጠትም አልሆነልኝም። በገበያ ቀን በሩን ወለል አድርጌ እከፍትና ሁለተኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው አጫውተዋለሁ። ልጇ ደርሶላት ቢሆን መጣራቷን ታቆም ነበር የሚል የቂል ሐሳብ ይዞኛል። ሸክላ ምን ያውቃል? እንደዚያም ሆኖ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ሥራዬን አቁሜ እጠብቃለሁ።

ድምጿ ሳስቷል እንጂ፣ እስከዛሬ ትጣራለች።