ቢጫ የገና ዱላ

ጎረቤቴ ዛሬ የግቢውን በር ቀለም ሲቀባ ሽታው ቤቴ ድረስ ገባና ልቤን ወደ ቡራዩ መለሰው።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ሲነሳ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በየዓመቱ የገና ዱላ የሚቆርጡልን ሽማግሌው ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ የዚያን ዓመት ሁሉንም ቢጫ ቀቧቸው።

«ኦቦ፣ ለምን ቀለም ቀቡት?» አላቸው ታላቅ ወንድሜ ዳዊት።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ዘንድሮ ወታደሮቹ ዱላ የያዘ ልጅ ሁሉ ለጠብ የወጣ ይመስላቸዋል። ቢጫ ከሆነ ግን ለጨዋታ መሆኑ ከሩቅ ይለያል» አሉን።

በገና ዕለት ሜዳው ላይ ሩሯን እያሳደድን ሳለ የወታደር መኪና መጣ። ሌላው ሲሮጥ ዳዊት ቆመና ቀለሙ እንዲታይለት ዱላውን ከራሱ በላይ አነሳ። ሁለት ወታደሮች ዘለው ወረዱና እየደበደቡ መኪናው ላይ ጫኑት።

ኦቦ ደበላ እየሮጡ ደረሱ። «ቢጫ ነው እኮ! የጨዋታ ነው!» እያሉ ጮኹ። የሰማቸው የለም።

ዳዊት ከሁለት ወር በኋላ ተፈታ። ግራ እጁ ዛሬም አይዘረጋም፤ የደረሰበትን ግን ነግሮን አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ኦቦ ደበላ ታመዋል ሲሉኝ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ጠፍቷል። በድምፄ ለይተውኝ እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ የዚያን ቀን ቀለሙ ከሩቅ አይታይም ነበር?» አሉኝ።

«ይታይ ነበር፣ ኦቦ» አልኳቸው።

እጄን ለቀቁና ወደ ግድግዳው ዞሩ።